ገጥሟል፣ አልተስማማም

ወጣቱ ቴክኒሻን የሶኬቱን ማንሻ ሲያነሳ የብረት ክዳኑ ተከፈተ፤ ከሥሩም በወርቅ የተቀቡ፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ፒኖች በረድፍ ተደርድረው ታዩ። ፕሮሰሰሩን ጠርዝ ጠርዙን በሁለት ጣቱ ያዘ። በአንዱ ማዕዘን ላይ ያለችውን ትንሽ ወርቃማ ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር አስተያየ። በቺፑ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ቁርጦች በሶኬቱ ጥርሶች ላይ አረፉ፤ ቺፑም ምንም ሳይገፋ ቁጭ አለ። ማንሻውን ወደ ታች ሲጫነው፣ ሥራውን የለመደውን ሰው እንኳ ልቡን የሚያርደው ያ የመጨነቅ ድምፅ ተሰማና ክዳኑ ግጥም አለ። ፔስት ቀባ፤ ፋኑን አሰረ፤ ራሙን ሰካ፤ ኃይል ሰጠው። ፋኑ ዞረ። ስክሪኑ ግን እንደ ጠቆረ ቀረ።

«ዲስፕሌይ የለውም ጋሼ» አለ።

የኮምፒውተሩ ባለቤት መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አሉ። ኮር አይ5-8400 የተባለውን ይህን ፕሮሰሰር የእህታቸው ልጅ ከዱባይ በሰው እጅ የላከላቸው እሳቸው «ሶኬቱ 1151 ነው» ብለው በስልክ ስለነገሩት ነው። እውነታቸውን ነው፤ የቦርዱም ሶኬት 1151 ነው፤ የፕሮሰሰሩም 1151 ነው። «ገጥሟል እኮ! በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ።

«ገጥሟል፤ ግን አልተስማሙም። ቦርድዎ ኤች110 ነው፤ ስድስተኛና ሰባተኛ ጄኔሬሽን ነው የሚያውቀው። ይሄ ስምንተኛ ነው።»

በአዲስ አበባ የጥገና ክፍሎች እንዲህ ያለ ንግግር አዲስ አይደለም። ዕቃው ከሩቅ፣ በሻንጣ፣ በዘመድ ልመና በሚመጣበት አገር፣ ከመግዛት በፊት «ይሄ ከዚያ ጋር ይሄዳል?» ብሎ መጠየቅ የወራት ቁጠባን ያተርፋል፤ አለመጠየቅም ያከስራል፤ ዱባይ የተገዛን ቺፕ መልሶ የሚቀይር የለምና። ይሁን እንጂ ልጁ ሳያስበው የለያያቸው ሁለት ቃላት፣ «ገጥሟል» እና «አልተስማሙም»፣ ከጥገናው ጠረጴዛ አልፈው የሚሄዱ ናቸው። ሁለት ነገሮች ተስማሙ የምንለው ምን ሲሆን ነው? ስምምነቱ ያለው በነገሮቹ ባሕርይ ውስጥ ነው ወይስ «ይስማማሉ» ብሎ በሚፈቅደው አካል ቃል ውስጥ?

አማርኛ እዚህ ላይ ብዙ ያግዛል። «ገጠመ» ሰፊ ግስ ነው። አክንባሎ ከምጣዱ ጋር ይገጥማል፤ ሁለት ጦር ይገጥማል፤ መንገደኛን ያላሰበው ነገር ይገጥመዋል፤ ባለ ስንኙም ቤት እየመታ ይገጥማል። የአካል መገናኘትም፣ የጠብ መገናኘትም፣ የድምፅ መገናኘትም በዚህ አንድ ግስ ሥር ያድራሉ። «ተስማማ» ግን ከ«ሰማ» የወጣ ነው። አንዱ ሌላውን መስማት አለበት። ክዳን ከድስት ጋር ለመግጠም ድስቱን መስማት አያስፈልገውም፤ ቅርጹ ይበቃዋል። ፕሮሰሰር ግን ቅርጹ አይበቃውም፤ ከቦርዱ ጋር መነጋገር ይኖርበታል።

1151 የሚለው ቁጥርም ራሱ በቅኔ ቤት ኅብረ ቃል የሚባለውን ይመስላል፦ ሰሙ አንድ፣ ወርቁ ሁለት። ኢንቴል ሶኬቱን እ.ኤ.አ. በ2015 ከስድስተኛው ጄኔሬሽን ፕሮሰሰሮቹና ከዜድ170 ቺፕሴት ጋር አወጣው። በጥር 2017 ሰባተኛው ጄኔሬሽን ሲመጣ የቀድሞዎቹ ቦርዶች ባዮሳቸው፣ ማለትም የማስነሻ ጽሑፋቸው፣ ታድሶ ተቀበሉት። በጥቅምት 2017 ግን ስምንተኛው ጄኔሬሽን መጣ። ያው 1151 ነጥብ፣ ያው ስፋት፣ ያው ቁርጥ፤ ሆኖም የሚሠራው በአዲሶቹ የ300 ቤተሰብ ቦርዶች ላይ ብቻ እንደሆነ ተነገረ። ከ1151 ጥቂት ቀደም ብሎ ሁለት ሶኬቶች ሲለያዩ በስማቸውም ይለያዩ ነበር፤ 1156፣ 1155፣ 1150 እየተባሉ በቁጥር ስለሚለዩ ገዢ አይሳሳትም። እዚህ ግን ሁለት የማይስማሙ ነገሮች በአንድ ስም ተጠሩ።

ስምምነት በባሕርይ ነው ወይስ በፈቃድ የሚለውን ጥያቄ ከማንም በላይ አጥርቶ ያነሳ አንድ የቆየ ጭውውት አለ። ፕላቶ «ኤውቲፍሮን» ባለው ድርሰቱ ሶቅራጥስን በአቴና ፍርድ ቤት ደጃፍ ያቆመዋል። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 399 ነው፤ ሶቅራጥስ በአማልክት ላይ በመዳፈር ተከሶ ለክሱ ነው የመጣው። እዚያው ኤውቲፍሮን የሚባል ሰው ያገኛል፤ እሱ ደግሞ የገዛ አባቱን ሊከስ መጥቷል። አባትየው ነፍስ ያጠፋ አንድ የቀን ሠራተኛቸውን አስሮ ጉድጓድ ውስጥ ጥሎት፣ ምን ይደረግ ብሎ ሰው ልኮ መልስ ሲጠብቅ ሠራተኛው በረሃብና በብርድ ሞቷል። ኤውቲፍሮን አባትን መክሰስ ቅዱስ ሥራ እንደሆነ አይጠራጠርም። ሶቅራጥስም ቅድስና ምን እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ «አማልክት የሚወዱት ነው» የሚል መልስ ሲሰጠው ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ ያልበረደውን ጥያቄ ያነሳል፦ አማልክት የሚወዱት ቅዱስ ስለሆነ ነው ወይስ እነሱ ስለወደዱት ነው ቅዱስ የሆነው?

ጥያቄው ከግሪኮች ጋር አልተቀበረም። በእስልምና ታላላቅ ሊቃውንት መካከል ሙዕተዚላዎች መልካምና ክፉ በአእምሮ ሊታወቁ ይችላሉ ሲሉ፣ አሽዐሪዎች መልካም ማለት አላህ ያዘዘው ነው ብለው ተከራከሯቸው። በአውሮፓ ሌብኒዝ እ.ኤ.አ. በ1686 ጉዳዩን አንስቶ፣ መልካምነት ከፈቃድ ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ ተቃራኒውን ቢያደርግም እኩል ይመሰገን የነበረን አምላክ ስለ ሥራው ማመስገን ምን ትርጉም አለው ሲል ጠየቀ። ኩባንያን ከፈጣሪ ጋር ማስተካከል እዚህ የማንም ሐሳብ አይደለም። ነገር ግን የጥያቄው አጥንት በየማዘርቦርዱ የድጋፍ ዝርዝር ላይ ይታያል፦ ፕሮሰሰሩ በዝርዝሩ የተጻፈው ስለሚስማማ ነው ወይስ የሚስማማው ስለተጻፈ ነው?

ለ1151 ሁለቱም ወገን መከራከሪያ አለው። የኢንቴል ምክንያት ኃይል ነበር። የሰባተኛው ጄኔሬሽን ቁንጮ አይ7-7700ኬ አራት ኮር ሲኖረው የስምንተኛው አይ7-8700ኬ ስድስት አለው፤ ስድስት ኮር የበለጠ ኤሌክትሪክ ይጠጣል። ስለዚህ በሶኬቱ ውስጥ ለኮሮቹ ኃይል የሚያስገቡት ነጥቦች ከ128 ወደ 146 ከፍ አሉ፤ ለወደፊት ተብለው ባዶ ተይዘው የነበሩት ከ46 ወደ 25 ወረዱ። ይህ በሥዕሉ ላይ የሚታይ፣ የሚቆጠር ለውጥ ነው፤ ማንም ሊክደው አይችልም።

ታዲያ በየአገሩ ያሉ ነገር ፈታሾች አላረፉም። ባዮሱን በራሳቸው እጅ አሻሽለው፣ በፕሮሰሰሩ ሆድ ላይ ያሉ የተወሰኑ ነጥቦችን በቀጭን ቴፕ ሸፍነው ወይም እርስ በርስ አገናኝተው ስምንተኛውን ጄኔሬሽን በዜድ170 እና በዜድ270 ቦርዶች ላይ አስነሱት። «አይሠራም» የተባለው ነገር ሠራ። በአንዳንድ ቦርድ ላይ እንከን ነበረው፤ ቢሆንም ተነሳ።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የ8700ኬ ትንሽ ወንድም ነው። አይ3-8100 አራት ኮር ብቻ አለው፤ የኃይል ልኩ 65 ዋት ነው። የ7700ኬ ልክ 91 ዋት ነው። ይኸኛው በአሮጌው ቦርድ ላይ በይፋ ተፈቅዶለታል፤ ከእሱ ያነሰ የሚጠጣው 8100 ግን ተከልክሏል። ስለዚህ ለስድስት ኮሩ የተሰጠው ምክንያት ለአራት ኮሩ አይደርስም። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ሕግ ማውጣት ለፋብሪካም ለመደብርም ይቀላል፤ ይህ ሊባል የሚገባው ምክንያት ነው። ነገር ግን የማቅለል ምክንያት የተፈጥሮ ምክንያት አይደለም። «አይችልም» እና «አልፈቀድንም» ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ዝርዝሩ ላይ ግን ሁለቱም የሚታዩት በአንድ መልክ፣ በባዶ ቦታ ነው።

እስከዚህ ያነበበ ሰው ዝርዝር ሁሉ የፈቃድ ጉዳይ ነው ብሎ ቢደመድም ይሳሳታል። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2013 ኤፍኤክስ-9590 የተባለ ፕሮሰሰር አወጣ። ሶኬቱ ኤኤም3 ፕላስ ነበር፤ ይህ ሶኬት ደግሞ በገበያው ሞልቶ ነበር። በዚያው ሶኬት የሚሠራው የአንድ ዓመት ታላቁ ኤፍኤክስ-8350 125 ዋት ነበር፤ አዲሱ 220 ዋት ሆነ። ማዘርቦርድ ከኃይል ሳጥኑ የሚመጣለትን 12 ቮልት ወደ አንድ ቮልት ከምናምን አውርዶ ነው ለፕሮሰሰሩ የሚሰጠው። 220 ዋት በ1.4 ቮልት ሲካፈል ከ150 አምፔር በላይ ይመጣል። ይህን ሁሉ ጅረት የሚያሳልፉት ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የተደረደሩ ጥቂት ጥቃቅን ክፍሎች ናቸው። በርካሽ ቦርድ ላይ እነዚህ ይግላሉ፤ ፕሮሰሰሩ ራሱን ያዘገያል፤ ወይም ኮምፒውተሩ በድንገት ይጠፋል። እዚህ ቅርጹ ገጥሟል፤ መታወቅም ታውቆ ሊሆን ይችላል፤ ሸክሙ ግን ከትከሻው በላይ ነው። ዝርዝሩ ላይ «የለም» የተባለው እውነት ስለሆነ ነው። ቴፕ አያድነውም፤ ባዮስም አያድነውም።

እንዲያውም ቅርጽ ከነጭራሹ ያሳሳተበት ዘመን ነበር። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1997 ከፔንቲየም 2 ጋር ስሎት 1 የተባለውን ማስገቢያ አመጣ፤ ፕሮሰሰሩ እንደ ካርድ ቆሞ የሚሰካበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ኤኤምዲ ለአትሎን ስሎት ኤ አለው። አካሉ ያው ነው፤ 242 ነጥብ፤ የዞረው አቅጣጫው ብቻ ነው። በኤሌክትሪክ ቋንቋቸው ግን ፍጹም አይተዋወቁም። ማስገቢያው የተገለበጠውም ሰው አሳስቶ እንዳይሰካው ነበር። ሠሪው ራሱ የቅርጹን ምስክርነት አላመነውም።

አሁን ወደ ጠቆረው ስክሪን እንመለስ፤ ልጁ «አልተስማሙም» ያለው ምን ማለቱ ነበር?

ፕሮሰሰር ኃይል ሲያገኝ ምንም አያውቅም። የኢንቴል ቤተሰብ ፕሮሰሰር የመጀመሪያ ትእዛዙን ከ4 ጊጋባይት ወሰን 16 ባይት ብቻ ዝቅ ብሎ ካለ አድራሻ ያነባል፤ ያ አድራሻ የሚያደርሰው ቦርዱ ላይ ወደተለጠፈው የባዮስ ቺፕ ነው። ከዚያ የተጻፈውን የሚያነበውና የሚፈጽመው ሌላ ማንም ሳይሆን ራሱ ፕሮሰሰሩ ነው። ጽሑፉ ከሚያዘው ነገር አንዱ «ማን ነህ?» የሚል ነው፤ ፕሮሰሰሩም ቤተሰቡን፣ ሞዴሉንና የዕትም ቁጥሩን ይመልሳል። ጽሑፉ ለዚያ ማንነት የተዘጋጀ ማስተካከያና የማስጀመሪያ መመሪያ ካለው ሥራው ይቀጥላል። ከሌለው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቆማል።

ይህ ትኩር ብለው ሲያዩት ይገርማል። «ቦርዱ አያውቀውም» እንላለን እንጂ ቦርዱ የሚያስብ ነገር የለውም። እንግዳው ነው የቤቱን መዝገብ በገዛ ዓይኑ የሚያነበው፤ በመዝገቡም የራሱን ስም የሚፈልገው። ስሙ ከሌለ የሚያባርረው ዘበኛ የለም። ማንበቡን ያቆማል፤ ይኸው ነው። አስተዋዩም ያልተዋወቀውም አንድ አካል ነው፤ የጎደለው ቃሉ ብቻ ነው።

ከዚህም አንድ እንቆቅልሽ ይወለዳል። መዝገቡ ሊታደስ ይችላል፤ አዲስ ባዮስ አውርዶ መጫን ነው። ለመጫን ግን ኮምፒውተሩ መነሳት አለበት። ለመነሳት ፕሮሰሰሩ መታወቅ አለበት። ለመታወቅ አዲሱ ባዮስ መጫን አለበት። ይህን ክብ ፕላቶ «ሜኖን» በተሰኘው ድርሰቱ ውስጥ ያውቀዋል፦ ሰው የማያውቀውን ነገር እንዴት አድርጎ ይፈልጋል? ቢያገኘውስ ያ የፈለገው መሆኑን በምን ያውቃል? ሶቅራጥስ መልሱን ያሳየው ሒሳብ ያልተማረን አንድ ባሪያ ልጅ ጠርቶ ነበር፤ እያፋጠጠ በጥያቄ ብቻ የአንድ አራት ማዕዘን እጥፍ ስፋት ያለውን ሌላ አራት ማዕዘን በራሱ አስገኘው። አዲስ ዕውቀት ከዚያ ቀደም ባለ ዕውቀት ትከሻ ላይ ካልቆመ አይደርስም ማለቱ ነው፤ ፕላቶ ያንን የቀደመ ዕውቀት ነፍስ ከመወለዷ በፊት ያየችው ነው ይለዋል።

የኮምፒውተር ሰዎች መልስ ያን ያህል ከፍ ያለ አይደለም፤ ግን የሚነካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ኤኤምዲ አዲሶቹን ግራፊክስ ያላቸው ራይዘኖች ሲያወጣ፣ በመደብር መደርደሪያ ላይ የነበሩት የኤኤም4 ቦርዶች ባዮስ ስለነሱ አልሰማም ነበር። ገዢው ሁለት አዲስ ዕቃ ይዞ ሁለቱም ዝም አሉት። ኩባንያውም ለእንዲህ ያለው ገዢ ኤ6-9500 የተባለ አነስተኛ ፕሮሰሰር በውሰት ይልክ ጀመር። ገዢው የተዋሰውን ሰክቶ ኮምፒውተሩን ያስነሳል፤ ባዮሱን ያድሳል፤ ከዚያ ነቅሎ ይመልሰዋል፤ የራሱንም በቦታው ያስገባል። የሚታወቀው ገብቶ ስለማይታወቀው ይመሰክራል፤ መስክሮም ይወጣል። በአዲስ አበባም ጠንቃቃ ቴክኒሻን በመሳቢያው እንዲህ ያለ አሮጌ ምስክር አያጣም። ዛሬ ብዙ ቦርዶች ፕሮሰሰር ሳይኖራቸው እንኳ ከፍላሽ ዲስክ ላይ ባዮሳቸውን የሚያድሱበት ቁልፍ ከኋላቸው አላቸው፤ ይህ ያን ልመና አስቀርቷል።

ኤኤም4 ስለ ቃልም ብዙ የሚያስተምር ታሪክ አለው። ኤኤምዲ ይህን 1331 ፒን ያለው ሶኬት ሲያወጣ እ.ኤ.አ. እስከ 2020 ድረስ እንደማይተወው ቃል ገባ። ሰዎች በዚያ ቃል ተማምነው ገዙ፤ ዛሬ ርካሹን ፕሮሰሰር፣ ነገ የተሻለውን እያሉ። በግንቦት 2020 ግን መጪው የራይዘን 5000 ቤተሰብ በቢ550 እና በኤክስ570 ቦርዶች ላይ ብቻ እንደሚሠራ ተገለጸ። ከሁለት ዓመት በፊት ቢ450 የገዛ ሰው ውጭ ቀረ።

የተሰጠው ምክንያት ባዶ አልነበረም። በብዙዎቹ ቦርዶች ላይ ያለው የባዮስ ቺፕ 16 ሜጋባይት ብቻ ይይዛል። ኤኤም4 ላይ የተፈራረቁት ፕሮሰሰሮች እየበዙ ሲሄዱ መዝገቡ ሞላ፤ አዲስ ስም ለመጻፍ ቦታ አልተረፈም። ገዢዎች ግን ይህን አልተቀበሉትም፤ በብርቱ ተቃወሙ። በዚያው ወር ኩባንያው ውሳኔውን ለወጠ፦ ቢ450 እና ኤክስ470 ይደገፋሉ፤ ነገር ግን ባዮሱ አንዳንድ የቀደሙ ፕሮሰሰሮችን ስም ይሰርዛል፤ አንዴ ከታደሰም ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ከሁሉ የቀደሙት የኤኤምዲ የ300 ቤተሰብ ቦርዶች ሳይቀሩ ተጨመሩ።

በዚህ ታሪክ ላይ ቆም ማለት ይገባል። በግንቦት መጀመሪያ «አይስማማም» የተባለው ነገር በዚያው ወር «ይስማማል» ተባለ። በሁለቱ መካከል በየሰው ቤት ከተቀመጡት ቦርዶች አንዲት ፒን አልተንቀሳቀሰችም። የተለወጠው ፈቃድ ነው። ስለዚህ የፈቃድ ወገን የሆነ ሰው እዚህ ቢኖር ደስ ባለው ነበር፤ የሚስማማው ስለተወደደ ነው ባለ። ሆኖም 16ቱ ሜጋባይት በፈቃድ 32 አልሆኑም። አዲሱን ለማስገባት አሮጌው መውጣት ነበረበት፤ መርሳት የማወቅ ዋጋ ሆነ። ፈቃድ ያንን ዋጋ ለመክፈል ወይም ላለመክፈል መረጠ እንጂ ዋጋውን አላስቀረውም።

እዚህ ላይ ነው የኮምፒውተሩ ጉዳይ ለድሮው ጥያቄ የራሱን ነገር የሚጨምረው። ሶቅራጥስ «ባሕርይ ወይስ ፈቃድ» ብሎ ሲከፍል ሁለቱ ከጥንት ጀምሮ የተለያዩ ይመስላል። ሰው በሠራው ነገር ውስጥ ግን የዛሬው ባሕርይ የትናንት ፈቃድ ነው። የ16 ሜጋባይቱን ቺፕ የመረጠ ሰው አለ፤ ምናልባት ጥቂት ሳንቲም ለመቆጠብ። 46ቱን ነጥቦች ባዶ ያስቀመጠ ሰው አለ። በመረጡት ጊዜ ነፃ ነበሩ። ምርጫው በመዳብና በሲሊከን ከተጻፈ በኋላ ግን መራጩንም አሰረው፤ ኤኤምዲ እንኳ በገዛ ቺፑ ፊት መደራደር እንጂ ማዘዝ አልቻለም። ቶማስ አኵዊናስን የመሰሉ የመካከለኛው ዘመን ሊቃውንት ሕግ ከሕግ ሰጪው ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ከአእምሮውም ይመነጫል ሲሉ፣ ፈቃድ ምክንያት ካጣ ሕግ መባሉ እንደሚቀር ማመልከታቸው ነበር። ለማዘርቦርድ ዝርዝርም ከዚህ ያነሰ መጠየቅ አይገባም። ሦስት ዓይነት «አይሆንም» አለ፦ አካሉ አይችልም፤ መዝገቡ ገና አልሰማም፤ ሠሪው አልፈለገም። የመጀመሪያውን ገዢው በጸጋ ይቀበላል። ሁለተኛውን በትዕግሥትና በተዋሱት ፕሮሰሰር ያልፈዋል። ሦስተኛው ምክንያት ሊነገርለት ይገባል፤ ገንዘቡን ያወጣው ሰው የትኛው እንደገጠመው የማወቅ መብት አለውና። አሁን ሦስቱም የሚታዩት በአንድ ባዶ ሳጥን ነው፤ ይህ ፍትሐዊ አይደለም።

በጥገናው ጠረጴዛ ላይ ያለው ሥራ እንግዲህ ከስሙ የሰፋ ነው። ልጁ ቀጣዩ ደንበኛ ደውሎ «ይሄ ፕሮሰሰር ለቦርዴ ይሆናል?» ሲለው የሶኬቱን ስም ብቻ አይጠይቅም። ቦርዱን ገልብጠህ በነጭ ቀለም የተጻፈውን ሙሉ ስሙን አንብብልኝ ይላል፤ ከስሙ አጠገብ ያለውን የዕትም ቁጥርም እንዳትረሳ ይላል፤ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ዕትሞች የተለያየ ዝርዝር ሊኖራቸው ይችላልና። ከዚያ የሠሪውን የድጋፍ ዝርዝር ከፍቶ ፕሮሰሰሩን ይፈልጋል፤ ካገኘውም በጎኑ «ከዚህ የባዮስ ዕትም ጀምሮ» የሚለውን ዓምድ ያያል። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ዓምድ ነው። ስሙ በዝርዝሩ አለ ብሎ ገዝቶ፣ ቦርዱ ያለበት ባዮስ ግን ከዚያ በፊት የተጻፈ ይሆንና ስክሪኑ ይጠቁራል። በ1700 ሶኬት ቦርዶች ላይ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል፤ ፕሮሰሰሩ ዲዲአር4ም ዲዲአር5ም ቢያውቅ፣ ቦርዱ የተሠራው አብዛኛውን ጊዜ ለአንዱ ብቻ ነው።

ባለቤቱ ቁጭ ብለው ሲጠብቁ ልጁ ፋኑን ፈታ፤ 8400ን አነሳ፤ ፔስቱን በጨርቅ ጠረገለት። ከመሳቢያው አንድ ፔንቲየም ጂ4400 አወጣ፤ 2015 ላይ የተወለደ፣ ሁለት ኮር ብቻ ያለው፣ ማንም በገንዘብ የማይጠይቀው። ሦስት ማዕዘኗን አስተያይቶ አስቀመጠው። ማንሻው እንደገና ተጨነቀ። ስክሪኑ በራ።

«ይሄ አሮጌ እንዴት ታወቀ?» አሉ ሰውዬው።

«መዝገቡ ላይ አለ ጋሼ። ቦርዱ ሲወለድ ጀምሮ አለ።»

ወደ ባዮሱ ገጽ ገብቶ የዕትሙን ቀን በጣቱ አሳያቸው፤ ከዚያ የሠሪውን ዝርዝር በስልኩ ከፍቶ እስከ ታች ወረደ። ስምንተኛ ጄኔሬሽን የሚል አልነበረም፤ የመጨረሻው ዕትም ሲጫንም አይኖርም። ሰውዬው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ቦርድ ስንት እንደሚያወጣ ጠየቁ፤ ልጁ ሁለተኛ እጅ የ300 ቤተሰብ ቦርድ በሳምንቱ ሊያፈላልግላቸው እንደሚችል ነገራቸው። ፕሮሰሰሩን በመጣበት የፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ መልሶ አስተኛው፤ በላዩም በማርከር «1151» ብሎ ጻፈና ሰጣቸው።

ጋሼ ማቀፊያውን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ከዚያ መለሱለት።

«እዚህ ጎን ላይ 300 ጨምርበት» አሉት።